በስምዎ የጻፍሁት

ውድ ጋሼ ገብረ ኪዳን፣

ስልክዎ ከተዘጋ ሰነባበተ። ሁለት ጊዜ ደውዬ ተውሁት፤ ቢያነሡትም በስልክ የምለው ነገር አልነበረም። እንፍራንዝ ልጅዎ ዘንድ መግባትዎን፣ እዚያም ከብት ማከሙን እንዳልተዉት የነገረችኝ የሺአረግ ናት። ወንድሟ በአይሱዙ ወደ ጎንደር ጭነት ስለሚያመላልስ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ያስረክብዎታል። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ክረምት ሲገባ ይብስብኛል ሲሉ ትዝ ይለኛል። እኛ ዘንድ ሁሉም ደህና ነው። ሰባታሚት ቤት በቤት ላይ እየተሠራባት፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የነበረው የበቆሎ ማሳ በየዓመቱ እያነሰ ነው።

የምጽፍልዎት ስለ ምርጫው ነው። አልፎ መሄዱን አውቃለሁ። ሰው የሚያስታውሰው ያንን የሰባት ሰከንድ ቪዲዮ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን እየረሳው ነው። ነገር ግን ለእርስዎ ያልነገርሁት አንድ ነገር አለ። እሱን ብቻ ነጥዬ ብጽፈው የባሰ ይመስላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እነሣለሁ። የሚያውቁትን ደግሜ ስነግርዎት ይታገሡኝ።

የሺአረግ ኮፒ ቤት የመጡት ረቡዕ ቀን ነበር። ጋዜጠኝነት ተምሬ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ፣ የሰው ማመልከቻና የኪራይ ውል እተይብ ነበር። ጭቃ የነካው ቦቲ ተጫምተው፣ ከደብተር የተቀደደ አንድ ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው ይዘዋል። «ሃምሳ ቅጂ» አሉኝ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«ገብረ ኪዳን እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በእንስሳት ጤና ሠርቻለሁ። ለምክር ቤት በግል እወዳደራለሁ። ከተመረጥሁ በየወሩ እየመጣሁ የሠራሁትንም ያልሠራሁትንም እነግራችኋለሁ።»

ገለበጥሁት። ጀርባው ባዶ ነው።

«ይኸው ብቻ ነው?» አልሁዎት።

«ምን ይጨመርበት?»

«የሚሠሩት ነዋ። መንገድ፣ ውኃ፣ ሥራ...»

ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። ከኋላዎ ወረፋ የያዘው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ገብቼ ሳላየው እንዴት ብዬ ልጻፈው?» አሉ።

ሃምሳውን ቅጂ ማንም እንደማያነበው፣ የዛሬ ጊዜ መራጭ ዕጩውን የሚያውቀው በስልኩ እንደሆነ ነገርሁዎት። እንደ መሸሽም እንደ መጓጓትም አደረገዎት። «አንች ትችይበታለሽ?» አሉኝ። እችልበት ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በስምዎ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ተከፈተ።

መጀመሪያ የጻፍሁት «ዶ/ር ገብረ ኪዳን» ብዬ ነው፤ ከብት ያለው ሁሉ ዶክተር ሲልዎት ስለምሰማ። በማግሥቱ መጥተው አጠገቤ ቆመው አስጠፉኝ። «እኔ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ሰው በአፉ ሲለኝ ዝም እላለሁ፤ ተጽፎ ግን አይሆንም» አሉ። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የዕድሜ ድርቅና አድርጌ ወሰድሁት።

የምርጫ ምልክትዎ ጃንጥላ ሆነ። ላም ፈልገው ነበር፤ ሌላ ዕጩ ቀድሞ ወስዷት ኖሯል። የመጀመሪያው ሳምንት ፎቶ ጥጃ ሲያዋልዱ የተነሡት ነው፤ እስከ ክንድዎ ደም። ዐሥራ አንድ ሰው ወደደው። ከዐሥራ አንዱ ሁለቱ እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ሄድን። ትልቅ ጃንጥላ ገዝቼ አስያዝሁዎት። ሳይታሰብ ዝናብ መጣና ሽንኩርት ለምትሸጥ አንዲት ሴት ሰጥተዋት እየራሱ ሄዱ። ከኋላ ፎቶ አነሣሁ። ስልኩን ስመልስ አዩኝ።

«አነሣሽው እንዴ?»

«ጥሩ ነው የወጣ።»

«ፎቶ ሊነሣ ነው የሰጣት ይባላል እኮ» አሉኝ። ለጠፍሁት። ሦስት ሺህ ሰው ወደደው፤ ሊነሣ ነው የሰጣት ያለ ማንም አልነበረም።

ከዚያ የእምቦጩ ጽሑፍ መጣ። ከድልድዩ ወዲያ አብረን ሄደን አይተነዋል፤ አረሙ ከዳሩ እስከ ውስጥ ድረስ ተንጣልሎ ውኃው የት እንደሚጀምር አይታወቅም። እርስዎ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ላም ትበላዋለች፤ ግን አይረባትም።» ቤቴ ገብቼ ስጽፈው ሌላ ሆነ። በእርስዎ አንደበት፣ «እኔ» እያልሁ ጻፍሁ። ይህ አረም ሐይቁ ላይ ከመብቀሉ በፊት በየቢሮው ጠረጴዛ ሥር በቅሎ ነበር አልሁ። እናቴ እንስራዋን የሞላችበትን ውኃ ልጄ እጁን ሊነክርበት ተጸየፈው አልሁ። እናትዎ ውኃ ይቀዱ የነበረው ከምንጭ እንደሆነ፣ ያለዎትም ሴት ልጅ ብቻ እንደሆነች ያወቅሁት ኋላ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ አራት ሺህ ሰው ሼር አደረገው።

በስልኬ አሳየሁዎት። መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን ወደ ዐይንዎ አስጠግተው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ይህን መቼ አልሁ?» አሉኝ።

«እንደዚህ ማለት አልፈለጉም?»

አሰቡ። «ፈልጌ ይሆናል» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

ያን ቀን «አጥፊው» ቢሉኝ አጠፋው ነበር። አላሉም። ይህን የምጽፈው ጥፋቱን ላካፍልዎት ብዬ አይደለም፤ የሆነው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

አባቴን አያውቋቸውም። መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በደሴቶቹ ገዳማት ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዐይናቸው ሲደክም ቤት ገቡ። እኔ ተማሪ ሳለሁ የጻፍሁትን አንድም ቀን አስነብበው አያውቁም። «የዘመኑ አማርኛ አይጥመኝም» ይላሉ፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። የእምቦጩን ጽሑፍ ግን ጎረቤታችን ከስልኳ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ «ይህ ሰውዬ አማርኛ ያውቃል። የማን ልጅ ነው?» አሉ። እኔ ከአጠገባቸው ልብስ እያጣጠፍሁ ነበር። «አላውቅም» አልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጽፈው ለመራጭ ብቻ አልነበረም።

ገጹ አደገ። ሠላሳ ስምንት ሺህ ተከታይ ደረሰ። ከአዲስ አበባ፣ ከውጭ አገር ሰዎች በውስጥ መስመር ይጽፉልዎት ነበር፤ ምክር የሚጠይቅ፣ የሚመርቅ፣ ስለ ባሏ የምታማክር ሳትቀር። ሁሉንም እኔ መለስሁ። ያንን ሁሉ ሰው «ልጄ» እያልሁ ስጽፍለት ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

በዚያን ጊዜ ቴዎ ደወለ። የሬዲዮ ጣቢያው የምርጫ ፕሮግራም አዘጋጅ ነው፤ ገጹን አይቶ ሊያነጋግርዎት ፈለገ። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ተቀረጹ። ስንወጣ ወደ ጎን ስቦኝ «ገጹ ላይ ያለው ሰውዬ ይኸ ነው?» አለኝ። ሲጠየቁ ያስባሉ፤ ሲያስቡ ዝም ይላሉ፤ በሬዲዮ ደግሞ ዝምታ መሣሪያው የተበላሸ ያስመስላል። ቴዎ ከዐሥራ ሁለቱ አራት ደቂቃ አስተላለፈ። እኔ ያንኑ ወስጄ፣ መሃል መሃሉን አውጥቼ፣ ትንፋሽዎን እንኳ ሳይቀር ቆርጬ፣ አንድ ደቂቃ አደረግሁትና ለጠፍሁት። «እንደ እሳት ነው የሚናገር» ብሎ የጻፈ ሰው ነበረ። ሳነብልዎት ሳቁ፤ እስኪያስልዎት ድረስ።

ሱሌማን ዘንድ የሄድነው ድምፅ መስጫው ስድስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከዓባይ ድልድይ ማዶ ሐይቁን ይዞ ባለው የዓሣ አስጋሪዎች ሠፈር እሱ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር። ጀልባም ይሠራል፤ ሲያወራ እንኳ መጥረቢያውን ከእጁ አያወጣም። እህቱ ናኢማ የማኅበሩ ጸሐፊ ናት፤ ወንበር አወጣችልን። ሰዉ ሲሰበሰብ ሱሌማን ጠየቀዎት።

«ዶክተር፣ ዓሣችን ፀሐይ ሳይጠና ካልተሸጠ ይበላሻል። ነጋዴው ይህን ያውቃል፤ እስኪበላሽብን ቆሞ ይጠብቀናል። ማቀዝቀዣ ቤት ያሠሩልናል ወይ? ሌላ ነገር አንጠይቅም።»

ስልኬ እየቀረጸ ነው። ቆይተው «እጠይቃለሁ» አሉ። «እስኪሰለቹኝ ድረስ እጠይቃለሁ። ይሠራል ብዬ ግን ልምልላችሁ አልችልም፤ በእጄ አይደለም።»

ማንም አላጨበጨበም። ሱሌማን ብቻ ራሱን ነቀነቀና «እውነት ነው» አለ።

ቤቴ ገባሁ። ቪዲዮውን «እጠይቃለሁ» ላይ ቆረጥሁት። ከላዩም ጻፍሁ፦ «ዓሣ አስጋሪው ወንድሜ ሆይ፣ ማቀዝቀዣ ቤትህን በእነዚህ እጆቼ አሠራልሃለሁ። ቃሌ ነው።» ጋሼ፣ «ቃሌ ነው» የምትለዋ እንዴት እንደመጣች ልንገርዎት። ዐረፍተ ነገሩ «አሠራልሃለሁ» ላይ ሲያበቃ ተቆርጦ የቀረ መሰለኝ። ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ለድምፁ ስል ጨመርኋት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

እርስዎ አላዩትም። በዚያ ሳምንት ዘንዘልማ በኩል በሽታ ገብቶ ከከብት በረት አልወጡም። ናኢማ ግን አየችው። አሳትማ የማኅበሩ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

በዚያው ሳምንት አንድ ድርጅት ለዓሣ አስጋሪዎች ማድረቂያ መደርደሪያ ሊሰጥ መጥቶ ነበር፤ በፀሐይ የሚያደርቅ፣ በወንፊት የተሸፈነ፣ ለአንድ ማኅበር ብቻ የሚበቃ። የመጀመሪያ ምርጫቸው የሱሌማን ማኅበር ነው። ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሱሌማን ራሱ ተነሥቶ «እኛ ማቀዝቀዣ ቤት ሊሠራልን ነው። ለሌላቸው ስጡት፤ ሁሉንም እኛ መብላት የለብንም» አለ። መደርደሪያው ተጭኖ ደልጊ ላለ ሌላ ማኅበር ሄደ። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። እርስዎም አያውቁም ነበር።

የሬዲዮው ክርክር ቀጥታ ሥርጭት ነበር፤ በሬዲዮው ገጽም በቪዲዮ ይታይ ነበር። አራት ዕጩዎች ነበራችሁ፤ መሪው ቴዎ ነው። እኔ ከመስተዋቱ ወዲህ ከቴክኒሻኑ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሊጠይቁዎት ይችላሉ ያልሁትን ሁሉ አስቤ መልሱን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ሰጥቼዎት ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በደህና አለፈ። ከዚያ ፀሐይወርቅ የምትባለው የፓርቲ ዕጩ፣ ያች ወጣት ጠበቃ፣ ወረቀት አወጣች። ክፉ አልነበረችም፤ ሥራዋን ነው የሠራች። ጽሑፉን ከነ«ቃሌ ነው» አነበበችውና ወደ እርስዎ ዞረች።

«አቶ ገብረ ኪዳን፣ አንድ የምክር ቤት አባል ከየትኛው በጀት አውጥቶ ነው ማቀዝቀዣ ቤት የሚያሠራው? ለእነዚህ ሰዎች ቃል ሲገቡ ይህን አያውቁም ነበር?»

መልሱ ፊትዎ ነበር። «ሕዝብ ከወከለኝ በጀቱን የማስወስን እኔ ነኝ» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን አንብቦት ያልፋል። እርስዎ ወረቀቱን በፊቱ ደፉት። ከዚያ ዝም አሉ። ቴክኒሻኑ ድምፅ የተቋረጠ መስሎት የጆሮ ማዳመጫውን ነካ ነካ አደረገ። ቴዎ በመስተዋቱ አየኝ። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌያለሁ።

«ይህን እኔ አልጻፍሁትም» አሉ። «አላልሁትምም። ነገር ግን በስሜ ወጥቷል፤ ምን እየወጣ እንደሆነ ማየት የኔ ፈንታ ነበር፤ አላየሁም። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው። የሠፈሩ ሰዎች የምትሰሙኝ ከሆነ፣ ማቀዝቀዣ ቤት አሠራለሁ ብዬ ቃል አልገባሁም። እጠይቃለሁ ነው ያልሁ።»

«ታዲያ ማን ነው የጻፈው?» አለ ቴዎ።

«ስሟን አልጠራም።»

አላሰቡበትም፣ ጋሼ። ቢያስቡበት «ስሙን» ይሉ ነበር፤ ወይም «የጻፈውን ሰው»። በአንዲት ፊደል ሴት መሆኔ ታወቀ። በዘመቻው ሁሉ ከአጠገብዎ ስልክ ይዛ የምትታይ ሴት ደግሞ አንድ ብቻ ናት። ክርክሩ ሳያልቅ ስሜ ከነፎቶዬ ገጹ ሥር ወጣ። እኔ ራሴ በማስተዳድረው ገጽ ላይ። ተነሥቼ ወጣሁ።

ቪዲዮውን ማን እንደቆረጠው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። «ይህን እኔ አልጻፍሁትም፤ አላልሁትምም» የሚለው ብቻ ተወስዶ ሳቅ ተጨመረበት። ሰባት ሰከንድ። «ጥፋቱ የኔ ነው» የምትለው የለችም። መቁረጥ እኔም እችልበታለሁና ሳየው የትኛው ቦታ እንደተያዘ ወዲያው ገባኝ፤ ንጹሕ ሥራ ነው። በሦስት ቀን ግማሽ ሚሊዮን ሰው አየው። በእርስዎ ላይ የተጻፈው ቀልድ ነበር፤ በኔ ላይ የተጻፈው ቀልድ አልነበረም። እዚህ አልደግመውም።

አባቴም ሰሙ። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ጠሩኝ።

«ያ የእምቦጩ አማርኛ ያንች ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አማርኛው ጥሩ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ውሸቱ ግን ያው ውሸት ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግቢው መለሱ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርሁት ቃል በዚያ ቀን፣ በዚያ መልክ መጣልኝ። በእርስዎ የተቀየምሁት ከክርክሩ ይልቅ በዚህ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም።

የይለፍ ቃሉን ቀየርሁ። እርስዎ እንኳ ገጹን ከፍተው አያውቁም ነበር። አምስት ቀን ስልኬን አላነሣሁም። በሦስተኛው ቀን ኮፒ ቤት መጡ። የሺአረግ «አሟት ቀርታለች» አለችዎት። እኔ ከመጋረጃው ኋላ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነበር። «ሲሻላት አልተቀየምሁም ብሏል በይልኝ» አሉ። ይበልጥ ተናደድሁ። ማን ነው ማንን የሚቀየመው፣ አልሁ በልቤ።

በዚያ ሳምንት የት እንደዋሉ በዝርዝር የሰማሁት ባለፈው ወር ነው። ናኢማን ገበያ አግኝቻት አንድ ቦታ ተቀምጠን ነገረችኝ። ብቻዎን በእግርዎ ድልድዩን ተሻግረው ሠፈሩ ደረሱ። ሱሌማን ሲያይዎት ከሥራው ቀና አላለም።

«በሬዲዮ ሰምተናል እኮ» አለዎት። «ምን ያመላልስዎታል?»

«በሬዲዮ ለሁሉም ነው የነገርሁ። ለእናንተ አልነገርሁም።»

«መደርደሪያው እንደሄደብንስ ያውቃሉ?»

አላወቁም ነበር። ሲነግርዎት የተቀመጡበትን ግንድ በሁለት እጅዎ ይዘው ቀሩ፤ ናኢማ እንዳለችኝ። ሱሌማን ጮኸ። በሰው ፊት ለጋስ አድርገውት ባዶ እጁን እንዳስቀሩት፣ ደልጊ ያሉ ዘመዶቹ እየሳቁበት እንደሆነ፣ ሽማግሌ ሆነው ምን ሲሉ ስምዎን ለሰው እንደሰጡ እየቆጠረ ጮኸ። እርሱ እየጮኸ አንዲት ሴት የሚያነክስ አህያ እየሳበች ደረሰች፤ ዶክተሩ መጥቷል ሲባል ሰምታ ነው። እርስዎ ተነሥተው ኮቴውን ጭንዎ ላይ አድርገው ሚስማር ያወጡለት ጀመር። ሱሌማንም አልተወም፤ ከጎንዎ ቆሞ ጩኸቱን ቀጠለ። ናኢማ ይህን ስትነግረኝ በሳቅ ፈረሰች። «ወንድሜ እስከ ዛሬ የሚንገበገበው በዚያ ነው» አለችኝ። «ሰው እየሰደብሁት አህያ ያክማል ይላል።»

ከዚያ ሦስት ቀን የድርጅቱን ቢሮ ደጅ ጠኑ። ቅስቀሳው ሊያበቃ አንድ ሳምንት በቀረው ጊዜ። መደርደሪያው አልተመለሰም፤ ደልጊዎች ዓሣ ዘርግተውበት ነበር፤ እርስዎም ይመለስ አላሉም። የማኅበሩን ስም ለሚቀጥለው ዓመት አስመዘገቡላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ድርጅቱ ከአካባቢው ወጣ። ሱሌማን ዛሬም ዓሣውን የሚሸጠው ፀሐይ ሳይጠና ነው።

አሁን ያልነገርሁዎት ነገር ላይ ደረስሁ።

እኔ የተመዘገብሁት ሰባታሚት በአዲሶቹ ቤቶች አጠገብ ባለችው ትንሽ የምርጫ ጣቢያ ነው። ካርዴን ያወጣሁ ቀን አብረውኝ ነበሩ፤ ወረፋው ሲረዝም አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ጠብቀውኛል። የድምፅ መስጫው ቀን ጧት ተሰለፍሁ። ወረቀቱን ተቀብዬ ከመከለያው ኋላ ገባሁ። ጃንጥላው ከታች ሁለተኛው ነበር፤ ትንሽ ተደብዝዟል። ለፀሐይወርቅ ምልክት አድርጌ አጥፌ ከሳጥኑ ጨመርሁት። ስወጣም አልጸጸተኝም፤ እንዲያውም ለጥቂት ሰዓት ቀለለኝ።

በማግሥቱ ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ላየው ስሄድ እርስዎን አገኘሁ። ከጧት ጀምሮ ከጣቢያ ጣቢያ እየዞሩ በእጅዎ ደብተር ላይ ሲመዘግቡ ነበር። ከክርክሩ ወዲህ ዐይን ለዐይን የተያየነው ያኔ ነው። ሰላም አልተባባልንም። አጠገብዎ ቆምሁ። ጣትዎን ሰንጠረዡ ላይ ወደ ታች አወረዱ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ሰው ድምፅ ሰጥቷል። ከጃንጥላው ትይዩ «ዜሮ» ይላል፤ በአኃዝም በፊደልም። ጣትዎ እዚያ ላይ ቆየ።

ሌላ ጣቢያ ቢሆን መደበቂያ ነበረኝ። አምስት ድምፅ ቢኖር፣ ሁለት ቢኖር፣ አንዷ እንኳ ብትኖር ያች የኔ ናት ብለው ይሄዱ ነበር፤ እኔም ዝም እል ነበር።

ደብተርዎ ላይ ዜሮውን ጻፉ። ደብተሩን ኪስዎ ከተቱ። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝና «ቁርስ በላሽ?» አሉኝ።

ፉል ቤት ወሰዱኝ። እርስዎ ስለ ሱሌማን አወሩ። በእሱ ጣቢያ ዘጠና አራት ድምፅ እንዳገኙ ሲነግሩኝ ፊትዎ በራ። «ሲሰድበኝ ውሎ መረጠኝ እኮ!» አሉ። ዳቦውን ቆርሰው ትልቁን ወደኔ ገፉት። ከዚያ፣ ሌላ ወሬ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ቴዎን አነጋግሬዋለሁ፤ ሰኞ ሂጂ» አሉኝ። «መጻፍ ታውቃለች፤ ግን የሌላ ሰው ስም እንዳትሰጧት ብዬዋለሁ።»

«መቼ ነው ያነጋገሩት?» አልሁዎት።

«ከክርክሩ ማግሥት።»

ማለት፣ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ከመቀመጤም፣ የምርጫ ጣቢያው ከመግባቴም በፊት። አፌን ከፍቼ ነበር። አስተናጋጁ ሻይ ይዞ መጣ፤ ዘጋሁት። ሰኞ ሄድሁ። ቴዎ ምንም ሳይጠይቀኝ ጠረጴዛ ሰጠኝ። በዚያ ወር መጨረሻ እርስዎ ሳይመረጡ ቀርተው ዕቃዎን ጭነው እንፍራንዝ ሄዱ፤ ልሰናበትዎት አልመጣሁም።

ገጹን ባለፈው ሳምንት አጠፋሁት። ከሠላሳ ስምንት ሺህ ሰው የት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም።

እርስዎን አልመረጥሁም፣ ጋሼ። ማወቅዎን አውቃለሁ። እኔ ግን በአፌ አልነገርሁዎትም፤ ያን ቀን ፉሉን በልቼ፣ ሥራውን ተቀብዬ፣ አመስግኜ ሄድሁ። አሁን ነገርሁዎት።

መልስ እንዲጽፉልኝ አልጠይቅም። የመስቀል ሰሞን ዕረፍት አለኝ፤ እንፍራንዝ እመጣለሁ። ከደጅ ቢመልሱኝ እመለሳለሁ። ቢያስገቡኝ ደግሞ ሁለት ቀን እቀመጣለሁ፤ ከብት ስይዝልዎት ልዋል።

አክባሪዎ፣
ርሆቦት
ሰባታሚት፣ ባሕር ዳር